ሽታ የሌለው የቆሻሻ ማቃጠያ ምድጃ እንዴት ይሠራል?



ባለፈው ክረምት ከግቢያችን ጓሮ ስለተነሣው ጭስ ያልሰማ ያለ አይመስለንም። ጥፋቱ የኛ የዚህ የሳይንስ ዓምድ አዘጋጆች ነበር። የሰፈሩ ቆሻሻ በየመንገዱ ከሚጣልና በየቦዩ ከሚበሰብስ እናቃጥለው ብለን አንድ አሮጌ በርሜል ጎኑን በሚስማር በሳሳን። ከዚያም የድንቹን ልጣጭ፣ ወረቀቱን፣ ፌስታሉን፣ የቡናውን አተላ አንድ ላይ ጠቅጥቀን ክብሪት ጫርንበት። አልነደደም፤ ጨሰ እንጂ። ቢጫ ያዘለ ወፍራም ጭስ አጥሩን ተሻግሮ ሰፈሩን አለበሰው። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ መጡና፣

«ልጆቼ፣ ቆሻሻውን መቼ አጠፋችሁት? በትናችሁ ለኛ አደላችሁን እንጂ!» አሉን።

«ይቅርታ ያድርጉልን እማማ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም። ነገሩን ግን ስናወጣና ስናወርድ ከረምን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የተገኘ ነው።

ጉዳዩ የጓሮ ቀልድ ብቻ አይደለም። ነገ ተመርቀን ወደ ጊምቦ፣ ወደ ዴቻ፣ ወደ ጨና፣ ወደ ጌሻ፣ ወደ አዲዮ ስንሄድ በየትምህርት ቤቱ የቆሻሻ ጉድጓድ አፍ ላይ ክብሪት ይዞ የሚቆመው የኛው ተማሪ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጥራጊውን ጠርጎ፣ ሰብስቦ፣ አቃጥሎ ጭሱን የሚተነፍሰው እርሱ ነው። «አቃጥለው» ብሎ የሚያዘው ደግሞ መምህሩ ነው። ስለሆነም አዛዡ የሚያዘውን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ ይኖርበታል።

ሽታ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ አንድ ቀላል ሙከራ እንመልከት። አንድ ሻማ ወይም ጧፍ አብሩና ጥቂት ቆይታችሁ እፍ ብላችሁ አጥፉት። ከክሩ ቀጭን ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ይሸታልም። አሁን የተለኮሰ ክብሪት ከክሩ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ጭሱ ላይ ያዙት። እሳቱ በጭሱ ላይ ዘሎ ይወርድና ሻማው ራሱ ይበራል። ጭሱ ማለት ያልነደደ ማገዶ ነው ማለት ነው። ሲነድ ደግሞ ሽታውም አብሮ ይጠፋል።

ሌላው ምሳሌ ከየቤታችን የማይጠፋው ዕጣን ነው። ቡና ሲፈላ ዕጣኑን ፍም ላይ እንጂ ነበልባል ላይ አናደርገውም። ለምን ቢባል፣ በፍም ላይ ዕጣኑ በዝግታ እየቀለጠና እየተነነ ሽታውን ቤቱን ሁሉ ስለሚያዳርስ ነው። ድንገት ነበልባል የያዘው እንደሆነ መልካሙ ሽታ ይቀርና ጥላሸት ብቻ ይሆናል። በኛም በርሜል ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ልዩነቱ እኛ ያጠንነው ዕጣን ሳይሆን የበሰበሰ ልጣጭ መሆኑ ነው!

እንግዲህ የቆሻሻ ጭስ የሚሸተው ቆሻሻው ስለተቃጠለ ሳይሆን በቅጡ ስላልተቃጠለ ነው። በመጠነኛ ሙቀት የተነኑት ዘይት መሰል ነገሮችና አሲዶች ነበልባል ሳያገኛቸው በጭስ ማውጫው ያመልጣሉ። እነርሱ ፈጽመው ቢነዱ ኖሮ አብዛኛው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆን ነበር። ሁለቱም ደግሞ አይሸቱም።

የዝናብ አገር ችግር

ታዲያ ለምን አልነደደም? ዋናው ምክንያት ውሃ ነው። ቦንጋ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ነች። ከሰማይ የሚወርደው ቢቀር እንኳ የወጥ ቤት ቆሻሻ ራሱ ውሃ ነው። የጎደሬ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ እርጥብ ኮባ፣ የቡና አተላ፣ ከክብደታቸው አብዛኛው ውሃ ነው።

በቁጥር እንየው። 10 ኪሎ ግራም የወጥ ቤት ቆሻሻ አለን እንበልና ከርሱ 7 ኪሎው ውሃ፣ 3 ኪሎው ደረቅ ነገር ይሁን። ደረቁ ነገር በኪሎ 16,000 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ቢሰጥ በጠቅላላው 48,000 ኪሎ ጁል ይሆናል። አንድ ኪሎ ውሃ ተኖ እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪሞቅ ድረስ ደግሞ 4,100 ኪሎ ጁል ገደማ ይበላል። ለ7 ኪሎ ውሃ 28,700 ማለት ነው። የሚተርፈው 19,300 ብቻ ነው። ለማንደጃ የሚገባውን 30 ኪሎ ያህል አየር እስከዚያው ሙቀት ለማድረስ ግን ወደ 26,000 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ሒሳቡ አይሞላም! ምድጃው የቱንም ያህል ቢያምር እርጥብ ቆሻሻ በራሱ ሙቀት ጥርት ብሎ ሊነድ አይችልም።

«ማገዶ እንጨምርበታ!» የሚል ይኖራል። ይቻላል። ነገር ግን የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ የቡና እናት ደን ነው። የድንች ልጣጭ ለማድረቅ ዛፍ መቁረጥ ምን ይባላል?

ስለዚህ የምድጃው ሥራ የሚጀምረው ከምድጃው ሳይሆን ከወጥ ቤቱ ነው። ቆሻሻው በሦስት መከፈል ይኖርበታል።

1ኛ. የሚበሰብሰው። ልጣጭ፣ ቅጠል፣ የቡና ገለፈትና አተላ፣ እርጥብ ኮባ። ይህ እሳት አይነካውም፤ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይሄዳል። በየጊዜው እየተገላበጠ አየር ካገኘ እርሱም አይሸትም። ለእንሰቱና ለጎመኑ ፍግ ይሆናል።

2ኛ. የሚነደው። የማያገለግል ወረቀት፣ ካርቶን፣ የጥጥ ጨርቅ ቁራጭ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የደረቀ ኮባ፣ የእንጨት ስብርባሪ። ይህ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጦ ሲደርቅ ለምድጃው ይሆናል።

3ኛ. ፈጽሞ የማይነደው። ፌስታልና ሌላው ፕላስቲክ ሁሉ፣ ኮንጎ ጫማ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ፣ ጎማ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የመድኃኒትና የፀረ ተባይ ዕቃ። የዚህን ምክንያት ወደ መጨረሻው ላይ እንመለስበታለን።

ከኛ በፊት ያሰቡበት

ይህ ችግር በኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1874 እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ውስጥ በአልፍሬድ ፍራየር ንድፍ አንድ የከተማ ቆሻሻ ማቃጠያ እቶን ተሠራ። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። ወዲያው ግን በየእቶኑ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ በሽታው ተማረረ። ምክንያቱ ከኛ በርሜል ጋር አንድ ነው፤ እሳቱ ቀዝቃዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 በለንደን አጠገብ የኢሊንግ መሐንዲስ የነበረው ቻርልስ ጆንስ አንድ ዘዴ አመጣ። በእቶኑና በጭስ ማውጫው መካከል ሌላ እሳት አነደደና ጭሱ ከመውጣቱ በፊት በዚያ እሳት ላይ እንዲያልፍ አደረገው። ልክ እንደ ሻማው ሙከራ ጭሱን ራሱን አቃጠለው ማለት ነው። ማገዶ መፍጀቱ ባይቀርም ሐሳቡ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በዲ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጂም ፒክን ለድሃ አገሮች ጤና ጣቢያዎች የሚሆን በጡብ የሚሠራ ርካሽ ማቃጠያ ነደፉ። እርሱም ሁለት ክፍል አለው። በፊተኛው ቆሻሻው ይነዳል፤ በኋለኛው ጭሱ ይነዳል። በአገራችንም በጤና ጣቢያዎች ግቢ የጡብ ማቃጠያዎችን ማየት የተለመደ ነው። የመርፌና የፋሻ ቆሻሻ ግን የጤና ባለሙያ ሥራ ስለሆነ በኛ ምድጃ አይገባም።

ሦስቱ ነገሮች

ጭስ ፈጽሞ እንዲነድ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ሙቀት፣ ጊዜና ከአየር ጋር መቀላቀል። የአውሮፓ ኅብረት ለትልልቅ የቆሻሻ ማቃጠያዎች ያወጣው ደንብ ጭሱ በ850 ዲግሪ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ እንዲቆይ ያዛል። እኛም በዚህ ልክ አስልተን በሰዓት 5 ኪሎ ግራም ደረቅ ቆሻሻ የሚያነድ ምድጃ ነድፈናል። 5 ኪሎ ደረቅ ቆሻሻ የሚበቃውን አየር አግኝቶ ሲነድ፣ በቦንጋ ከፍታና በ850 ዲግሪ ሙቀት፣ በሰከንድ 60 ሊትር ያህል ትኩስ ጋዝ ይሰጣል። ሁለት ሰከንድ ይቆይ ካልን የኋለኛው ክፍል 120 ሊትር መያዝ አለበት። 40 በ40 በ75 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክፍል ልክ 120 ሊትር ነው።

አሠራሩ

ፊተኛው ክፍል። የውስጥ ስፋቱ 50 በ50፣ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከፌሮ የተሠራ ፍርግርግ ይጋደምበታል። አየር ከሥር ገብቶ በቆሻሻው መካከል ማለፍ አለበትና። ከፊት ለፊት ሁለት የላሜራ በሮች አሉት። የላይኛው መጨመሪያ ነው፤ የታችኛው አመድ ማውጫና አየር ማስገቢያ ነው። በታችኛው በር ላይ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተንሸራታች መስኮት ይሠራል።

አንገቱ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይኛው ጫፍ 10 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠባብ ቀዳዳ ይተዋል። ጠባብ የሆነበት ምክንያት ጭሱ እየተጣደፈና እየተናወጠ እንዲያልፍ ነው። ከዚሁ አንገት ሥር እያንዳንዳቸው 3 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ቀዳዳዎች ከውጭ በግድግዳው ውስጥ እያለፉ ይመጣሉ። አየሩ በትኩሱ ግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚሞቅ ነበልባሉን አያቀዘቅዘውም። እነዚህ ስድስት ቀዳዳዎች ከሌሉ ምድጃው ተራ ምድጃ ነው። ሽታውን የሚያጠፋው ይህ አየር ነው።

ኋለኛው ክፍል። ጭሱ ከላይ ይገባል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሥር ወደ ጭስ ማውጫው ይሻገራል። ከሥሩ አንድ ትንሽ የማጽጃ በር ይበጅለታል።

ጭስ ማውጫው። ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከ4 ሜትር ያላነሰ፣ በአካባቢው ካለ ጣራ ሁሉ ከፍ ያለ ይሁን። የጭስ ማውጫ ጉልበት ትንሽ መሆኑን ልብ በሉ። ባለ 4 ሜትሩ በሚገባ ሲግል የሚስበው ውሃን በ2 ሚሊ ሜትር ከፍ በሚያደርግ ኃይል ብቻ ነው። ቦንጋ ደግሞ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን ማጥበብ አይገባም።

ግድግዳው። በደንብ በተተኮሰ ጡብና በጭቃ ይሠራል። ጭቃው ከሸክላ አፈርና ከአሸዋ ይለወሳል። ሲሚንቶ በዚህ ሙቀት እየተሰነጠቀ ስለሚፈርስ ለውስጠኛው ግድግዳ አይሆንም። በውስጥና በውጭ ጡብ መካከል የተነፋ አመድ ቢሞላበት ሙቀቱን ይይዛል። ከተሠራ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ይድረቅ። ከዚያ ለጥቂት ቀናት ትንሽ ትንሽ እሳት እየተነደደበት ይለማመድ። በአንዴ ቢያጋዩት ይሰነጠቃል።

ቦታው ከመማሪያ ክፍል፣ ከወጥ ቤትና ከቡና ማስጫ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፣ ነፋስ ጭሱን ወደ ሰው የማያመጣበት ይሁን። ከበላዩ የቆርቆሮ ጣራ ይሠራለት። የራሰ ጡብ ሙቀት ይጠጣልና።

እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ትንንሽ ምድጃ ቢሠራ ይሻላል ወይስ ጎረቤት ተሰብስቦ አንድ? አንድ ይሻላል እንላለን። ትንሽ ምድጃ ሳይግል ቆሻሻው ያልቃል። የብዙ ቤት ደረቅ ቆሻሻ ተጠራቅሞ በሳምንት አንድ ቀን ቢነድ ግን ግድግዳው እንደጋለ ይቆያል።

አነዳዱ

መጀመሪያ በኋለኛው ክፍል የማጽጃ በር አንድ ሁለት ቅጠል ወረቀት አንድዳችሁ ጭስ ማውጫውን አሙቁት። ይህ ካልተደረገ ጭሱ በፊት በኩል ተመልሶ ፊታችሁን ያጥናችኋል። ቀጥሎ በፊተኛው ክፍል ቆረቆንዳ ወይም ደረቅ ጭራሮ ለግማሽ ሰዓት ያህል አንድዱ። ቆሻሻው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሲጨመርም ጥቂት በጥቂት፣ በየአምስት ደቂቃው አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ እየተባለ እንጂ እንደኛ በርሜል ተጠቅጥቆ አይደለም።

ሙቀቱ 800 መድረሱን ያለ ቴርሞሜትር እንዴት እናውቃለን? የገበታ ጨው 801 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ቆሻሻ ከመግባቱ በፊት፣ በእንጨት እሳት ብቻ፣ አንድ ቁንጥር ጨው በገል ላይ አድርጋችሁ በኋለኛው ክፍል አስቀምጡ። ምድጃው ከበረደ በኋላ ስታወጡት ጨው ጨው ሆኖ ከተገኘ ሙቀቱ አልደረሰም፤ ቀልጦ እንደ መስተዋት ገሉ ላይ ከተጣበቀ ደርሷል። ይህን ሙከራ አንድ ጊዜ ብታደርጉት ይበቃል። ለክፍል ትምህርትም መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ ጭስ ማውጫውን ጫፍ ማየት ነው። ነጭ ወፍራም ጭስ ከወጣ ማገዶው እርጥብ ነው ወይም ምድጃው ገና አልጋለም። ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል ወይም ብዙ ጨምራችሁበታል። ጫፉ ላይ ጭስ ሳይታይ አየሩ ብቻ እንደ ቀትር ሙቀት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በትክክል እየነደደ ነው።

አፍንጫ የማይዳኘው

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ትልቅ ነገር አለ። የማይሸት ሁሉ ደህና አይደለም። በከሰል የተነሣ በተዘጋ ቤት ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም። ኮንጎ ጫማና የሽቦ ልባስ የሚሠሩበት ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ክሎሪን አለበት። ሲነድ የሚያቃጥል አሲድ ይወጣዋል፤ ከዚህም ሌላ ዳዮክሲን የተባሉ መርዞች ይፈጠራሉ። እነዚህ በጥቂቱም ቢሆን በሰውነት ስብ ውስጥ እየተጠራቀሙ ካንሰርን ጨምሮ ብዙ ጉዳት ያደርሳሉ። ዳዮክሲንን አፍንጫ አያውቀውም። ስለዚህ «ምድጃችን አይሸትም» ብሎ ፕላስቲክ መጨመር ከኛ በርሜል የባሰ ጥፋት ነው። ያኔ ቢያንስ ሸቶ አስጠንቅቆናል!

ይህን መርዝ ለመያዝ የጭስ ማጣሪያ ያስፈልጋል። እርሱም የትልቅ ፋብሪካ ነገር ነው። የአዲስ አበባን ምሳሌ እንውሰድ። ቆሼ በሚባለው የረጲ ቆሻሻ መጣያ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። እዚያው አጠገብ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲያመነጭ የታቀደ ፋብሪካ ተመረቀ። ወጪው ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። እንዲህ ያለው ፋብሪካ የጭስ ማጣሪያ አለው። የሰፈር ምድጃ የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም። የኛ ማጣሪያ ቆሻሻውን የሚለየው እጃችን ነው።

ፌስታሉንስ የት እናድርሰው? በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚያግድ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። በየቤቱ ግን አሁንም አለ። የሃይላንድ ጠርሙስ ገዢ አለው፤ ለቆራሌው ይቀመጥ። የቀረው ታጥቦ፣ ተሰብስቦ፣ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ይወገድ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ገበያ ስንሄድ ዘንቢል ይዘን መሄድ ነው። የምድጃው አመድም የቀለምና የብረት ርዝራዥ ስለማያጣው ከጎመን መደብ ርቆ ይቀበር።

ለማጠቃለል

ምድጃውን በጥር ወር ሠራነው። የጨው ሙከራውን ያለፈው በሦስተኛው ጊዜ ነው። በፊት ሁለት ጊዜ ጨዉ ጨው ሆኖ ወጥቶልናል! ከዚያ ወዲህ በደረቅ ቀን ስናነድ ከአጥሩ ማዶ ማንም አላማረረም። አንድ ቀን ግን ቸኩለን ዝናብ የመታውን ካርቶን ጨመርንበት። ብዙም አልቆየ፣ እኒያ እናት በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ዛሬ እርጥብ ነገር አለበት መሰለኝ፣ ልጆቼ?»

አልተሳሳቱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት ከመለኮሳችን በፊት ማገዶውን የሚያዩልን እርሳቸው ናቸው። እንጨቱን አንሥተው አንኳኩተው፣ «ይህ ይሁን፣ ያ ይቆይ» ይሉናል።

የምድጃው ንድፍ በትልቅ ወረቀት ተሥሎ ከዚህ ጋዜጣ ጎን ተለጥፏል። ሊገለብጥ የሚፈልግ እርሳስና ደብተር ይዞ ይምጣ። በየወረዳው ለማስተማር ልምምድ የወጣችሁ ጓደኞቻችን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ቆሻሻውን ምን እንደሚያደርገው፣ ማንስ እንደሚያቃጥለው አይታችሁ ጻፉልን። በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።